ክረምት ከበጋ፦ ሳይክልን ለጎጃም መንገድ ዝግጁ አድርጎ የማቆየት መመሪያ

ሰኔ ሲገባ ያው ጥያቄ ይመጣል። «ዝናቡ ጀመረ፣ ሳይክሌን ላቁመው ወይስ ልንዳው?» መስከረም ሲጠባ ደግሞ ያው ሰው ይመለሳል። «ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ነበር፤ አሁን ካቴናው (ሰንሰለቱ) ይንጫጫል፣ ፍሬኑም አይዝ፤ ምን ይሻላል?» ለሁለቱም የምሰጠው መልስ አንድ ነው። ስለዚህ በየተራው እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

ንዱት። ሳይክልን የሚያበላሸው ዝናብ ውስጥ መነዳቱ አይደለም። ተነድቶ ሲያበቃ ጭቃውንና ውሃውን እንደያዘ ግድግዳ ተደግፎ ማደሩ ነው። ከጉዞ በኋላ ሩብ ሰዓት የሰጠ ሰው ክረምት ከበጋ ይነዳል። ያልሰጠ ሰው በበጋም ቢሆን ጎሚስታ ቤት ከመመላለስ አይድንም።

ይህ የተጻፈው ለመዝናናትና ለጤናው ብሎ አስፋልት ላይ ለሚነዳ ሰው ነው። ከባሕር ዳር ወደ መራዊና ዳንግላ፣ ከእንጅባራ በጥሊሊ ወደ ቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ደምበጫ፣ ከደብረ ማርቆስ በሉማሜ ወደ ደጀን። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ እንጅባራ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ። በአንድ ቀን ጉዞ ከሙቀት ወጥታችሁ ጉምና ብርድ ውስጥ ልትገቡ ትችላላችሁ፣ ሳይክሉም አብሯችሁ ይገባል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ቤት ውስጥ፦

- ባልዲ፣ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ ሁለት ስፖንጅ (አንዱ ለፍሬም፣ አንዱ ለካቴና፤ አታቀላቅሏቸው)
- ያረጀ የጥርስ ብሩሽና የተቀደደ ቲሸርት
- ትንሽ ላምባ፣ ለካቴና ማጽጃ
- የካቴና ዘይት። ካልተገኘ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት
- ግሪስ፣ አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ዓመት ይበቃል
- ባለ ስድስት ጎን ቁልፎች (4፣ 5 እና 6 ሚሊሜትር)፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ለፔዳል የ15 ቁልፍ
- መለኪያ ያለው የእግር መንፊያ
- የብረት ማስመሪያ ወይም ሜትር

መንገድ ላይ የሚያዝ፦

- አንድ መለዋወጫ ካለማዳሪ (የውስጥ ጎማ) በልኩ
- ልጣፊ፣ ማስቲሽ፣ ትንሽ የብርጭቆ ወረቀት
- ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውለቂያ
- የእጅ መንፊያ
- የፊትና የኋላ መብራት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ
- ሄልሜት

ሄልሜቱን መጨረሻ ላይ ጻፍኩት እንጂ ያለ እሱ አትውጡ። ገበያ ላይ ከጠፋ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አስይዙ፣ ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ስንጥቅ እንደሌለው አገላብጣችሁ እዩት። አንዴ የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ከውስጥ ያለው ፎም ተጨፍልቋል፣ ሁለተኛ ምት አይመክትም።

ደረጃ 1፦ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ

ጎማውን፣ ፍሬኑንና የጎማ ማሰሪያውን እዩ። ሌላው ይቆያል።

ጎማ በአውራ ጣት ተጭኖ አይለካም። ቀጭን ጎማ በ50ም በ90ም ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ለጣት ያው ድንጋይ ነው። ስለዚህ በመለኪያ ንፉት። 28 ሚሊሜትር ስፋት ላለው ጎማና ከ60 እስከ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በደረቅ አስፋልት ከ70 እስከ 80 ፒ ኤስ አይ ጥሩ መነሻ ነው። ዝናብ ካለ ከ5 እስከ 10 ቀንሱለት። ለስለስ ያለ ጎማ እርጥብ አስፋልትን የሚነካበት ቦታ ሰፊ ስለሆነ ኩርባ ላይ አይከዳችሁም። ከመጠን በላይ አትቀንሱ ግን። የጎደለ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ካለማዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ቁጥር በምንም ምክንያት አትለፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጎሚስታ ቤት በመኪና ኮምፕሬሰር ስታስነፉ ራሳችሁ ቆማችሁ እዩ። የመኪና ጎማ ብዙ አየር ስለሚወስድ ሠራተኛው እጁ የለመደው ረዘም ላለ ጊዜ መያዝ ነው። የሳይክል ቀጭን ጎማ ግን በሰከንዶች ይሞላል፣ ይፈነዳልም። ቫልቮላው ቀጭኑ ዓይነት (ፕሬስታ) ከሆነ የኮምፕሬሰሩ አፍ አይገባበትም፤ ትንሿን የነሐስ መቀየሪያ ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ።

ፍሬኑን ጨምቁት። እጀታው መሪውን ከነካ ገመዱ ላልቷል ወይም ላስቲኩ አልቋል። እንዲህ እንዳለ አትውጡ። የጎማ ማሰሪያዎቹንም በእጅ ፈትኑ፣ በተለይ ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ ጭናችሁ ከሆነ።

ረጅም መንገድ ከሆነ ደግሞ መናኸሪያ ጎራ ብላችሁ ከዚያ በኩል የመጣ ሾፌር ጠይቁ። መንገዱ ሰላምና ክፍት መሆኑን፣ የት ጭቃ እንደወረደ፣ የት ድልድይ እየተሠራ እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ደረጃ 2፦ ጭቃ መከላከያ ግጠሙ

ፓራፋንጎ የሌለው ሳይክል የኋላ ጎማው ጭቃውን ጀርባችሁ ላይ፣ የፊት ጎማው ደግሞ ቀጥታ ካቴናና ፔዳል ኩሽኔታ (የሚዞረውን ዘንግ የሚይዙት ኳሶች) ላይ ይረጨዋል። ልብስ ይታጠባል፣ ኩሽኔታ ግን ይበላል።

ካልገዛችሁ ከ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይሠራል። የጀሪካኑን ሰፊ ጎን በመቀስ ቁረጡ። ስፋቱ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን፣ ርዝመቱ ፕላስቲኩ የሚችለውን ያህል። መሐሉን በርዝመቱ ትንሽ እጠፉት፣ ጣሪያ መስሎ ይቆማል። በትኩስ ምስማር ዳርና ዳሩን ብሱና በፕላስቲክ ማሰሪያ አንዱን ከኮርቻው ሥር፣ ሌላውን ከፊት ጎማው ጀርባ በሚወርደው የፍሬሙ ዘንግ ላይ እሰሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ በፕላስቲኩና በጎማው መካከል ቢያንስ አንድ ጣት ይግባ። ጭቃ ሲሞላበት ወይም ተፈትቶ ጎማ ውስጥ ሲገባ የፊት ጎማ ባንዴ ይቆማል፣ እናንተም በመሪው ላይ ትበራላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት ነቅነቅ አድርጉት።

ደረጃ 3፦ እንደተመለሳችሁ እጠቡት

ይህን ለነገ አትበሉ። ትኩስ ጭቃ በውሃ ብቻ ይለቃል። አድሮ ከደረቀ ግን መፋቅ ይፈልጋል፣ መፋቅ ደግሞ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። በተለይ መረሬ አፈር፣ ያ ጥቁሩ፣ ሲደርቅ ይጣበቃል። አስፋልት ላይ ብቻ ነው የነዳሁት አትበሉ። ከእርሻ የሚወጣ ትራክተር፣ ከብትና ጋሪ በክረምት ጭቃውን እየጎተተ አስፋልቱ ላይ ያወጣዋል።

1. ከላይ ወደ ታች እጠቡ። መጀመሪያ ውሃ ብቻ አፍስሱ፣ አሸዋው ይውረድ። ከዚያ ሳሙና። አሸዋ እንዳለበት በስፖንጅ ብታሹት በብርጭቆ ወረቀት እንደማሸት ነው፣ ፍሬሙ ላይ ጭረት ይቀራል።
2. ቸርኬው ላይ ፍሬኑ የሚይዝበትን ቦታ ዙሪያውን አጽዱ። ቀጥሎ የፍሬን ላስቲኩን ፊት ተመልከቱ። የተሰካ ጠጠር ወይም የብረት ብናኝ ካለ በመርፌ ንቀሉት። ያቺ ጠጠር ናት ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ቸርኬውን የምትልገው።
3. የኋላ ጥርሶች መሐል የገባውን ሣርና ጭቃ በጥርስ ብሩሽ አውጡ። ማርሽ «ይዘላል» ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ብቻ ነው።
4. ሳይክሉን ከመሬት ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ አንጥሩት፣ ውሃው ይርገፍ። ከዚያ በቲሸርቱ አድርቁ።
5. ከባድ ዝናብ ውስጥ ከነዳችሁ የኮርቻውን ዘንግ የት ድረስ እንደነበር ምልክት አድርጉና አውጡት። ሳይክሉን ገልብጡት። በዘንጉ ቀዳዳ የገባ ውሃ ፍሬሙ ውስጥ ወርዶ ፔዳል ኩሽኔታው ላይ ይጠራቀማል፣ ሲገለበጥ ሲፈስ ታዩታላችሁ። ዘንጉን ግሪስ ቀብታችሁ መልሱት። ካልተቀባ ከጊዜ ብዛት ከፍሬሙ ጋር ይጣበቅና አንድ ሰው ጠምዝዞ አያወጣውም። ዘንጉ ወይም ፍሬሙ ካርቦን ከሆነ ግን ተራውን ግሪስ አትቀቡ፣ ይንሸራተታል።

ማስጠንቀቂያ፦ መኪና ማጠቢያ ወስዳችሁ በግፊት ውሃ አታሳጥቡ። ያ ውሃ የኩሽኔታውን መሸፈኛ አልፎ ግሪሱን ይገፋዋል። ሳይክሉ ለዚያን ቀን ያብረቀርቃል። ብዙም ሳይቆይ ግን ጎማው ሲዞር መንኮራኮት ይጀምራል።

ደረጃ 4፦ ካቴና (ሰንሰለት)

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ከምጠየቀው ግማሹ ስለ ካቴና ነው፣ ከሚወጣው ገንዘብም ብዙው እዚሁ ነው የሚሄደው።

ካቴና የሚያልቀው ከላይ በሚታየው ሳይሆን በውስጡ ነው። እያንዳንዱ ማያያዣ ውስጥ ትንሽ ፒን አለች፣ በዙሪያዋ የሚሽከረከር ቀለበት አለ። ዘይት የሚያስፈልገው በእነዚህ ሁለቱ መሐል ነው። አሸዋና ዘይት ሲቀላቀሉ ፒኗን እየሞረዱ ያቀጥኗታል። እያንዳንዷ በትንሽ በትንሹ ስትላላ ካቴናው በጠቅላላው ይረዝማል፣ የረዘመ ካቴና ደግሞ የጥርሶቹን ጫፍ እየበላ ያሾለዋል። ካቴና በጊዜው ያልቀየረ ሰው በኋላ ካቴናውንም ጥርሱንም አብሮ ይገዛል።

ማጽዳትና ዘይት መቀባት፦

1. ጨርቁን በላምባ ነክራችሁ ካቴናውን ያዙበት፣ ፔዳሉን በሌላው እጃችሁ ወደ ኋላ አዙሩ። ጨርቁ ሲጠቁር ቦታ ቀይሩ። ጎን ለጎኑን በጥርስ ብሩሽ አሹ። ላምባ ጎማና የፍሬን ላስቲክ ላይ እንዳይንጠባጠብ ከሥሩ ካርቶን አድርጉ። ሲጋራም ሆነ ከሰል አጠገባችሁ አይኑር።
2. በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ አለቅልቁት። ላምባው ውስጥ ከቀረ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል።
3. አድርቁት። በደንብ። ፀሐይ ካለ ግማሽ ሰዓት ስጡት፣ ከሌለ በጨርቅ ደጋግማችሁ ጥረጉና ቤት ውስጥ አቆዩት። እርጥብ ካቴና ላይ የተቀባ ዘይት ውሃውን ከውስጥ ይዘጋበታል።
4. በእያንዳንዷ ቀለበት ላይ፣ ከታችኛው የካቴና ክፍል በውስጥ በኩል፣ አንዲት ጠብታ አድርጉ። ቀስ ብላችሁ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞራችሁ አንድ ዙር ጨርሱ። የጀመራችሁባትን ማያያዣ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉባት፣ ዙሩ ሲያልቅ ትታወቃለች።
5. አሥር ደቂቃ ተዉት፣ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይግባ።
6. አሁን ከላይ ያለውን ዘይት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ብዙ ሰው ይህችን ይዘላታል። ከላይ የቀረ ዘይት የሚሠራው ሥራ የለም፣ ሥራው አቧራ መሰብሰብ ብቻ ነው። በትክክል የተቀባ ካቴና በጣት ሲነካ ትንሽ ያለሰልሳል እንጂ አያጠቁርም።

ዘይቱ እንደ ወቅቱ ነው። በክረምት ወፈር ያለው ይሻላል፣ ዝናብ ቶሎ አያጥበውም። በበጋ ቀጭኑ ይሻላል፣ አቧራ ብዙ አይስብም። የስፌት መኪና ዘይት ለበጋ ደህና ነው፤ በክረምት ግን ከአንድ ዝናብ በኋላ ታጥቦ ስለሚሄድ በነዳችሁ ቁጥር መድገም ይኖርባችኋል።

የማይቀቡ ነገሮች፦ የተቃጠለ የመኪና ዘይት በፍጹም። ውስጡ የሞተር ብረት ብናኝና ጥላሸት አለበት፣ በነጻ ስለተገኘ ብቻ ካቴና ላይ አይፈስም። የምግብ ዘይት ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። ደብሊውዲ ፎርቲ የዛገ ቡሎን ለማላቀቅ ጥሩ ነው፣ ለካቴና ግን ቶሎ ይተናል፣ የነበረውንም ዘይት አጥቦ ይወስዳል።

ማለቁን መለካት፦ ካቴናውን ወጠር አድርጉ። የማስመሪያውን ዜሮ አንዷ ፒን መሐል ላይ አድርጉና ከእሷ ቀጥሎ ያሉትን 24 ፒን ቁጠሩ። አዲስ ካቴና ላይ 24ኛዋ ፒን 304.8 ሚሊሜትር ላይ ትውላለች። 306.5 አካባቢ ከደረሰች ካቴናውን ቀይሩ። 308 ካለፈች የኋላ ጥርሱም አልቋል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና ብታስገቡ ዳገት ላይ ስትረግጡ እየዘለለ እግራችሁን ያንሸራትተዋል። በየወሩ መጨረሻ መለካት ይበቃል፣ በክረምት ግን በየሁለት ሳምንቱ።

ደረጃ 5፦ ፍሬን፣ በተለይ ቁልቁለት ለምትወርዱ

ባሕር ዳር ዙሪያ ብቻ የሚነዳ ሰው ፍሬኑን ብዙም አያስጨንቀውም፣ ሜዳ ነው። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ለሚወርድ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ትጥላላችሁ፣ መንገዱ ተጠማዛዥ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛዋል፣ አስፋልቱም ከጭነቱ የተነሳ የተሸበሸበበት ቦታ አለ።

1. ላስቲኩ ላይ ያሉት መስመሮች ከጠፉ ቀይሩ። ስትገጥሙ ላስቲኩ ሙሉ ለሙሉ ቸርኬው ላይ ይረፍ። ወደ ላይ ጎማውን ከነካ ቀስ በቀስ ይቀደዋል፣ ቁልቁለት ላይ ይፈነዳል።
2. የፍሬን ገመዱ ጫፉ ላይ ተተርትሮ ከሆነ አትጠግኑት፣ ቀይሩት። አንድ ክር ሲበጠስ ሌሎቹ ይከተላሉ።
3. የዲስክ ፍሬን ከሆነ ሸራው ከ1 ሚሊሜትር ከቀጠነ ይቀየር። ዲስኩን በእጅ አትንኩ፣ ዘይትም አያግኘው። ከነካው ፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል በንጹሕ ጨርቅ አጽዱ። ዘይት የጠጣ ሸራ ግን አይድንም።

ስትወርዱ ፍሬኑን ይዛችሁ አትቆዩ። ይዞ መቆየት ሙቀት ያከማቻል፤ የቸርኬ ፍሬን ከሆነ ሙቀቱ ካለማዳሪውን ያፈነዳል፣ ዲስክ ከሆነ መያዙን ያደክመዋል። ከኩርባው በፊት ሁለቱንም ጠበቅ አድርጋችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ከዚያ ልቀቁ፣ ኩርባውን በለቀቀ ጎማ እለፉ፣ ለሚቀጥለው ደግሞ እንደገና። ሰፋ ያለ ዳር ስታገኙ ቆማችሁ አሳርፉት። የሞቀ መሆኑን በጣት አትሞክሩ፣ ያቃጥላል። ጥቂት ውሃ ጠብ ብታደርጉበት ጢስ ካለ ገና ነው።

የእርጥብ ቸርኬ ፍሬን መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት፣ ከዚያ ነው የሚይዘው። ጎማው አንድ ሁለት ዙር እስኪዞር ምንም እንዳልያዘ ይሆናል። ስለዚህ ዝናብ ላይ መቆም ከምትፈልጉበት ቦታ በጣም ቀድማችሁ ለስለስ አድርጋችሁ ነክታችሁ አድርቁት። የፊቱን ብቻ በኃይል አትያዙ። ነጭ የቀለም መስመርና ዘይት የፈሰሰበት መናኸሪያ አካባቢ ላይ ደግሞ ፍሬንም ኩርባም አይሞከርም፣ ቀጥ ብላችሁ እለፉ።

ደረጃ 6፦ ጎማ ሲበሳ

ከመስከረም በኋላ እሾህ ይበዛል። አጥር ይታጠራል፣ እንጨት በአህያ ይጓጓዛል፣ እሾሁ አስፋልት ዳር ይራገፋል። ከዳሩ ግማሽ ሜትር ገባ ብላችሁ መንዳት ብዙ መበሳት ይቀንሳል።

1. ጎማውን አውጡ፣ አንዱን ጎን ብቻ አውልቁ። ካቻቢቴ አትጠቀሙ፣ ካለማዳሪውን ሌላ ቦታ ይበሳዋል።
2. ካለማዳሪውን ነፍታችሁ ወደ ጉንጫችሁ አስጠጉ። ጉንጭ ትንሿንም ንፋስ ይሰማል። ውሃ ካለ ደግሞ አረፋው ያሳያችኋል።
3. ቀዳዳው በተገኘበት ትይዩ የውጩን ጎማ ከውስጥ በቀስታ በጣት ዳብሱ። እሾሁ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። እሱን ሳያወጡ አዲስ ካለማዳሪ ማስገባት መቶ ሜትር ሄዶ እንደገና መቆም ነው። እንዳትወጉ በጨርቅ ዳብሱ።
4. ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ፣ ማስቲሹ የሚይዘው ሻካራ ላይ ነው። በስሱ ቀቡና አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ሲደርቅና ሲደበዝዝ ነው ልጣፊው የሚለጠፈው። እርጥብ ላይ የተለጠፈ ይነሳል።
5. መልሳችሁ ስታስገቡ ጥቂት አየር ስጡት፣ ክብ ይሁን፣ እንዳይቆነጠጥ። ጎማውን በእጅ ብቻ መልሱ።

በዝናብ ውስጥ መለጠፍ አይሠራም። መለዋወጫውን አስገቡ፣ የተበሳውን ቤት ገብታችሁ ለጥፉ። ለዚህ ነው ካለማዳሪ ያዙ ያልኩት።

ደረጃ 7፦ መቼና እንዴት እንደሚነዳ

ከሰኔ እስከ መስከረም፦ ጠዋት ውጡ። በክረምት ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። 12 ሰዓት ተኩል ወጥታችሁ 4 ሰዓት ብትመለሱ ብዙውን ቀን ሳትበሰብሱ ትገባላችሁ። ነጎድጓድ ከጀመረ ሜዳ ላይ አትሂዱ፣ ዛፍ ሥርም አትጠለሉ፣ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። በረዶ ከወረደ ሄልሜቱን አታውልቁ። ውሃ የሞላ ጉድጓድ ጥልቀቱ ስለማይታወቅ በላዩ አትለፉ፣ ዞራችሁ እለፉት፤ ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ እዩ።

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር፦ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ይኸው ነው። አየሩ ንጹሕ ነው፣ ሜዳው አደይ ይለብሳል፣ አቧራው ገና አልተነሳም። ረጅም ጉዞ ያሰበ ሰው አሁን ይውጣ።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ አካባቢ ጠዋት ውርጭ አለ። ጓንትና ንፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ያስፈልጋል። የቀዘቀዘ ጣት ፍሬን በጊዜው አይዝም። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፤ ስለዚህ ስትሄዱ ንፋሱን ፊት ለፊት፣ ስትመለሱ ከኋላ የሚያደርጋችሁን አቅጣጫ ምረጡ። አጨዳውም ስላለ ጭነት የያዙ አህዮችና ጋሪዎች መንገዱን ይይዛሉ።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ ሙቀትና አቧራ። በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ውሃ ያዙ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከሁሉም ጊዜ የበለጠ ተጠንቀቁ። ወራት ሙሉ የተጠራቀመ ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል።

በሁሉም ወቅት፦ ከብት መንገድ ሲያቋርጥ በጅራቱ በኩል እለፉ። ከብት ወደፊት ነው የሚሄደው፣ ወደ ኋላ አይመለስም። እረኛውን «እንደምን አደርክ» ብላችሁ ብትጠሩት ራሱ ይሰበስብላችኋል፣ ደወል ከመደወል ይሻላል፤ ደወል በሬ ያስበረግጋል። ባጃጅ ከኋላ ስትከተሉ ርቀት ጠብቁ፣ ተሳፋሪ ባየበት ቦታ ባንዴ ይቆማል። ጉም ካለ መብራቱን በቀንም አብሩ። ሲኖትራክ ሲያልፋችሁ መሪውን ጠበቅ አድርጉ፣ መጀመሪያ ይገፋል፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይስባል።

ደረጃ 8፦ በዓመት ሁለቴ ሙሉ ምርመራ

አንዱ ግንቦት መጨረሻ፣ ክረምት ሳይገባ። ሌላው ከመስቀል በኋላ።

1. ጎማውን አንስታችሁ ቸርኬውን ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁ። ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። በእጅ ስታዞሩት ሻካራ ከሆነ ይፈታ፣ ይታጠብ፣ አዲስ ግሪስ ይግባበት።
2. የፊት ፍሬን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት። መሪው ሥር «ቋ» የሚል ካለ ይጠበቅ። ሳትጠብቁት ብትነዱ ኩሽኔታው የተቀመጠበትን ይበላል፣ ያኔ ወጪው ይበዛል።
3. ራጂዎቹን (የቸርኬውን ቀጫጭን ሽቦዎች) ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ በጣት ጨምቁ። አንዷ ከሌሎቹ ከላላች ቸርኬው ይጣመማል። ማጥበቁን ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡ።
4. የፍሬንና የማርሽ ገመዶቹ ቱቦ ውስጥ ሁለት ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት አስገቡ። ቱቦው ውስጥ የቀረ የክረምት ውሃ ገመዱን አዝጎ ያከብደዋል።
5. ጎማውን ዙሪያውን እዩ። ክሩ ከታየ ወይም ጎኑ ከተሰነጠቀ ይቀየር።
6. ፔዳሎቹን ፈታችሁ ግሪስ ቀብታችሁ መልሱ። የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒ ነው፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ።

በየጊዜው የማያቸው ስህተቶች

- ካቴናው ሲንጫጫ በቆሸሸው ላይ ዘይት መጨመር። ድምፁ ይጠፋል፣ አሸዋው ግን አሁን ወደ ውስጥ ገባ።
- ሳይክሉን በላስቲክ ሸፍኖ ደጅ ማሳደር። እርጥበቱ ከሥሩ ይታፈንና ካልተሸፈነው ይልቅ ይዝጋል። ከጣሪያ በታች ሳይሸፈን ይቁም።
- ለወራት በተነፈሰ ጎማ ማቆም። ጎማው ታጥፎ በታጠፈበት ይሰነጠቃል። ባትነዱትም በየሁለት ሳምንቱ ንፉት፣ ወይም በኮርቻውና በመሪው በገመድ ስቀሉት።
- ቡሎን ሁሉ ባለ በሌለ ኃይል ማጥበቅ። ቡሎኑ የሚገባበት የአሉሚኒየም ጥርስ ይላጫል፣ የተላጨውን ማስወጣት ደግሞ ቶርኖ ቤት ድረስ ያስኬዳል። ይበቃል ሲላችሁ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩና ተዉት።
- የግራውን ፔዳል እንደ ቀኙ ለመፍታት መታገል። በታገላችሁ ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል፣ በኃይል ሲሆን ደግሞ የክራንኩን (ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ) ክር ይዞ ይወጣል።